ድምፅን ከዜማ ዕቃ ስለ መለየት

ሰው በመልኩ እንደሚለያይ በድምፁም ይለያያል። ቤቱ ቢፈርስ ሌላ ቤት ይሠራል፤ ገንዘቡ ቢጠፋ ሌላ ገንዘብ ያገኛል፤ ድምፁ ግን በሞተ ጊዜ አብሮት የሚቀበር ሀብቱ ነበረ። ድምፅን ይዞ የሚያስቀር ጥበብ ከተገኘ ወዲህ ግን የሞተ ሰው ሲዘፍን መስማት ተችሏል፤ ይህም ለሚያስተውል ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ በዚሁ ጥበብ ላይ ሌላ ጥበብ ተጨምሯል። ወጣቶች በየቤታቸው በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው፥ ቀድሞ በሸክላና በካሴት ከወጣ ዘፈን ውስጥ የዘፋኙን ድምፅ ለብቻው ያወጣሉ፤ ለተለየውም ድምፅ አዲስ ምትና አዲስ አጃቢ አበጅተው ሌላ መልክ ይሰጡታል። ይህንንም ሥራ ሪሚክስ ይሉታል። ለሥራው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከዜማ ዕቃ የተለየ ንጹሕ ድምፅ ነው። እንግዲህ ይህ ድምፅ ከወዴት ይገኛል? የተገኘውስ ድምፅ የማን ነው? ይህ ጥያቄ የወጣቶች ጨዋታ ብቻ መስሎ ሊታይ አይገባም።

ድምፅን ከዜማ ዕቃ ለይቶ መስማት ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በቅዱስ ያሬድ የዜማ ሥርዓት ቁም ዜማ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በመቋሚያ ይዘመማል፤ በከበሮና በጸናጽልም በመረግድና በጽፋት ይደምቃል። ስለዚህ መሠረቱ ድምፅ እንደ ሆነ፥ የቀረው ሁሉ በላዩ የሚታነጽ እንደ ሆነ ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

የኢትዮጵያ የሸክላ ዘፈን ታሪክ ደግሞ ከአራዳ ተለይቶ አይነገርም። በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ተሰማ እሸቴ ወደ ጀርመን አገር ተልከው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገር ፍቅር ማኅበር በአራዳ የቴአትር ቤት ሆኖ ጥላሁን ገሠሠን የመሰሉ ዘፋኞች በመድረኩ ታዩ። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ ነገር ግን በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በድፍረት በግሉ ማሳተም ጀመረ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ሸክላዎችን በውጭ አገር እያሳተመ አወጣ። ከዚያ በኋላ ዘመኑ የካሴት ሆነ፤ ማሕሙድ አሕመድም ራሱ በፒያሳ የሙዚቃ ቤት ከፍቶ ነበር። በፒያሳ የሚያልፍ ሰው ሳይገዛ እንኳ ከየደጁ የሚወጣውን ዘፈን ሰምቶ የሚሄድበት ዘመን ነበረ።

ዳሩ ግን በዚያ ዘመን ከተቀረጹት ዘፈኖች ብዙዎቹ ዘፋኙና የሙዚቃው ጓድ በአንድ ክፍል አብረው ቆመው፥ በአንድ ጊዜ በአንድ ቴፕ ላይ የተቀረጹ ናቸው። በኋላ ዘመን በተስፋፋው አቀራረጽ ዘፋኙ በአንድ መስመር፥ ከበሮው በሌላ መስመር፥ ጊታሩም በሌላ መስመር ለየብቻቸው ይያዛሉ፤ ድምፁን ብቻ የሚፈልግ ሰውም የድምፁን መስመር አውጥቶ ይሰማል። በቀድሞው አቀራረጽ ግን ድምፁና ዜማ ዕቃው እንደ ውኃና ወተት ተቀላቅለው ተቀምጠዋል።

የተቀላቀለውን ለመለየት ሁለት መንገድ አለ። የቀድሞው መንገድ፥ ሙሉው ዘፈንና ያው ዘፈን ያለ ድምፅ በዜማ ዕቃ ብቻ የተቀረጸው ሁለቱም ሲገኙ፥ የአንደኛውን የድምፅ ሞገድ ገልብጦ ከሌላው ጋር ማጋጠም ነው፤ ያን ጊዜ የሚመሳሰለው እርስ በርሱ ይጠፋፋና የዘፋኙ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ የአሁኑ ነው፤ ኮምፒዩተር ብዙ ዘፈኖችን እየሰማ የሰውን ድምፅ ከዜማ ዕቃ መለየት ይማራል። በ2012 ዓ.ም. ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ስፕሊተር የተባለውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ማንም በነጻ እንዲሠራበት አወጣው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች፥ በ1973 ዓ.ም. የሞተው ጓደኛቸው ጆን ሌነን በቤቱ ከፒያኖ ጋር በካሴት ያስቀረውን ድምፅ በዚሁ ጥበብ ለይተው አዲስ ዘፈን አወጡበት። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ሥራ የተሠራው በሕይወት ባሉት ጓደኞቹ እጅና በሚስቱ ፈቃድ መሆኑ ነው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በዓለም ተፈላጊ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር፥ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2002 ዓ.ም. ያወጡት ዘፈን ከሙላቱ አስታጥቄ ዜማ በተወሰደ ቁራጭ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያስታውስ። ስለዚህ አንዳንዶች ይህን የሪሚክስ ሥራ ጨርሶ መከልከል ይገባል ሲሉ ነገሩን አላመዛዘኑም። ወጣቱ የአያቱን ዘመን ዘፈን ፈልጎ መስማቱ፥ ቃሉንና ቅላጼውን ማጥናቱ ቅርሱን መውደዱ ነው እንጂ መናቁ አይደለም። ደግሞም ሌሎች፥ የቆየ ዘፈን የሕዝብ ሁሉ ስለሆነ ማንም እንደ ወደደ ያድርገው ይላሉ፤ ይህም አባባል ልክ አይደለም። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» እንደሚባለው፥ የዘፋኙን ድምፅ ያለ ፈቃድ ለይቶ ለንግድ ማስታወቂያ ማዋል ወይም ላላሰበው ነገር አጃቢ ማድረግ ባለቤቱን መናቅ ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ የሚያደርገውን ቅጂ ይፈቅዳል፤ ሥራውን ለውጦ ለሕዝብ ማውጣትን ግን ለባለመብቱ ይተዋል። የአሳታሚው መብት ቀረጻው ከታተመ ጀምሮ ለ50 ዓመት ሲጠበቅ፥ የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመን ሁሉና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የአምሃ እሸቴ ሸክላዎች 50 ዓመት ቢሞላቸው እንኳ ግጥሙና ዜማው ባለቤት የላቸውም ማለት አይደለም። በቤት ተቀምጦ ለራሱ የሚሞክር ወጣት በደለኛ አይባልም፤ ሥራውን ወደ አደባባይ ሲያወጣና ሲሸጥ ግን ፈቃድ መጠየቅና ድርሻ መክፈል አለበት።

ነገር ግን ፈቃድ ጠይቅ ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ የሚጠየቅበት በር መታወቅ አለበት። ዘፋኙ ሞቶ፥ አሳታሚው ከአገር ወጥቶ፥ ሱቁ ተዘግቶ ሲገኝ ቅን የሆነው ወጣት ማንን ይጠይቃል? በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውሯል። ቤት በአዲስ ቤት ይተካል፤ ዕቃ ሲጓዝ በሣጥን ውስጥ የተረሳ የመጀመሪያ ቴፕ ግን ከጠፋ አይተካም። ቴፕ በእርጥበትና በሙቀት የሚበላሽ ነገር ነውና፥ ማንም ሳይነካው እንኳ በራሱ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ቴፕ የሚለየው ድምፅና መቶ ጊዜ ከተባዛ ካሴት የሚለየው ድምፅም እኩል አይሆንም፤ መሣሪያው የቱን ያህል ቢራቀቅ በቅጂው ውስጥ የሌለውን ሊያመጣ አይችልም። አገሩ በድምፅ ሀብት ተሞልቶ ሳለ ልጁ ከጫጫታ ጋር የተደባለቀ ድምፅ ሲለቅም መዋሉ፥ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለውን ምሳሌ ያስታውሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይገባል። መጀመሪያ፥ በአራዳና በሌላውም ሠፈር በነጋዴዎችና በዘፋኞች ቤተ ሰቦች እጅ ያሉት ቴፖችና ሸክላዎች በባለቤቶቻቸው ስም ተመዝግበው፥ ቅጂያቸው በቤተ መዛግብት እንዲጠበቅ መንግሥት ይርዳ። ሁለተኛ፥ የየዘፈኑ ባለመብት ማን እንደ ሆነ የሚገልጽ መዝገብ ተዘጋጅቶ፥ ትንሽ ገንዘብ ያለው ወጣትም ሊከፍለው በሚችል ዋጋ ፈቃድ የሚያገኝበት አንድ በር ይከፈት። ሦስተኛ፥ ካህናትም የታላላቅ መሪጌቶች ድምፅ የተያዘበትን ካሴት በየደብሩ ይሰብስቡ፤ ዛሬ የዘፈን ድምፅ የሚለይበት መሣሪያ ነገ የዜማ ሊቁን ድምፅ ለይቶ ከማይገባው ምት ጋር ሊያጋጥመው ይችላልና።

ድምፁን ሰጥቶ ያለፈ ሰው በራሱ አፍ ሊከራከር አይችልም። ስለ እርሱ የሚከራከሩለት ሕጉን የሚያስፈጽሙት ባለሥልጣኖችና ድምፁን የሚወዱት ሰሚዎች ናቸው። ወጣቱ የአባቶቹን ድምፅ በፈቃድና በክብር አንሥቶ በአዲስ ምት ቢያሰማው፥ ሞት የወሰደው ዘፋኝ ዳግመኛ በአራዳ አደባባይ ይሰማል፤ ለልጆቹም እንጀራ ይሆናል።