ከሞተሩ በፊት ጀሪካኑ

ጀልባውን ማሻሻል የሚፈልግ ባለጀልባ መጀመሪያ የሚያስበው ሞተር ነው። 15 የፈረስ ጉልበት የነበረው 40 እንዲሆንለት ይመኛል። ቀጥሎ ቀለም፣ ቀጥሎ የጥላ ሸራ፣ ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ ስፖንጅ የለበሰ ወንበር። እኔ ይህ ቅደም ተከተል ይለወጥ እላለሁ። ከሁሉም መቅደም ያለበት ጀልባዋ ውኃ ቢሞላት እንኳ እንዳትሰጥም የሚያደርጋት ሥራ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ በየቆላው ከተማ ሱቅ በር ላይ ተደርድሮ የሚሸጠው ቢጫ ጀሪካን ነው።

ከነገሌ ቦረና ተቀምጦ ስለ ጀልባ መጻፍ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሐይቅ ዳር ያደግን ሰዎች አይደለንም። የቦረና ሰው ውኃን የሚያውቀው ከጥልቅ ኤላ፣ ከውኃ ጉድጓዱ ሥር፣ በዜማ እየተቀባበለ ወደ ገንዳው ሲያወጣው ነው። ነገር ግን አገሩ እየተለወጠ ነው። በጉጂና በባሌ መካከል 110 ሜትር ከፍታ ያለው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በ2012 ዓ.ም ተመርቆ ከኋላው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኝቷል። ኦሞ ላይ 243 ሜትር የሚረዝመው ጊቤ 3 ሌላ ሰፊ ውኃ አቁሯል። ታች ዳሰነች ዘንድ በነሐሴ 1998 ዓ.ም ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው መግደሉን የሚረሳ የለም፤ በቅርብ ዓመታትም ወንዙና የቱርካና ሐይቅ እየሰፉ የሰው ቀዬ ውጠዋል። ውኃ ባለበት ጀልባ ይከተላል። ጣና ዳር ግን የደንገል ታንኳ ማሠርና መቅዘፍ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ዕውቀት ነው፤ እዚያ ያደገ ልጅ ማዕበል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። በእኛ በኩል ዛሬ ጀልባ የሚገዛው ሰው እስከ ትናንት ባጃጅ ሲነዳ የነበረ ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ለደቡቡ ቆላ የጀልባ ትምህርት ቤት ካለ አርባ ምንጭ ናት። የእግዜር ድልድይ ከሚባለው ሸንተረር ግራና ቀኝ ሁለት ሐይቅ አላት፤ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ደለሉ ውኃውን ያቀላው አባያ፣ እና ከእሱ የሚያንሰው ጫሞ። ዓሣ አጥማጁ በጣውላ ጀልባ ቆሮሶና ናይል ፐርች ያወጣል። ጎብኚው በሞተር ጀልባ አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት «አዞ ገበያ» ይሄዳል። ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ያው ሐይቅ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ጫሞ ላይ ደግሞ ጀልባዋ ከሰጠመች «ዋኝቼ ዳር እወጣለሁ» የሚባል ነገር የለም። ጎብኚውን ከሩቅ አገር የሚያመጡት እነዚያ ግዙፍ አዞዎች በዳርቻው ናቸው፤ ጉማሬውም አለ። ስለዚህ ሰው የሚድነው ጀልባዋ ራሷ ውኃ ሞልቷትም ቢሆን ከሥሩ ስትቆይለት ነው።

አብዛኞቹ ጀልባዎች ግን እንዲህ ሆነው አልተሠሩም። የእንጨት ጀልባ ብቻዋን ብትሆን ውኃ ቢገባባትም ትንሳፈፋለች፤ ሞተርና ጭነት ሲጨመርባት ወደ ታች ትጎተታለች። ላሜራና ፋይበር ግላስ ደግሞ ቁሱ ራሱ ከውኃ ይከብዳል። እነሱን የሚያንሳፍፋቸው ውስጣቸው ያለው አየር ብቻ ስለሆነ፣ ማዕበል ገብቶ አየሩን ካስወጣው መውረድ ነው። ከትልልቅ ፋብሪካ የሚወጡ ትናንሽ ጀልባዎች ብዙውን ጊዜ በመቀመጫቸው ሥር አየር የያዘ የታሸገ ክፍል ወይም ውኃ የማይመጥ ፎም አላቸው። ብየዳ ቤት ለተሠራችው ጀልባ ይህን ዕቃ ልንጨምርላት የምንችለው እኛ ነን።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን በደንብ ተከድኖ ውኃ ውስጥ ቢደፈቅ 19 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ጭንቅላቱ ከውኃ በላይ እንዲቆይ የሚያስፈልገው እርዳታ 5 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስምንት ጀሪካን 150 ኪሎ ያህል ያነሳል ማለት ነው፤ መካከለኛ ሞተርን ከነቤንዚኑ ተሸክሞ ሰው የሚይዘው ነገር ያስተርፋል። ይህን ያህል ጉልበት ከርካሽ ዕቃ ሲገኝ ለምን በየጀልባው እንደማይታይ ሳስብ ያንገበግበኛል።

አሠራሩ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጀሪካኑን ወለል ላይ መደርደር ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውኃ ሲሞላ ታች ያለው አየር ወደ ላይ ሊወጣ ሲታገል ጀልባዋን ይገለብጣታል። ቦታው ከፍ ብሎ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ በግራና በቀኝ ጎን እኩል ተከፍሎ ነው፤ የሞተሩ ክብደት ወደ ኋላ ስለሆነም በኋላ በኩል በርከት ይላል። ሲባጎ አይበቃውም። በችግር ቀን እያንዳንዱ ጀሪካን በ19 ኪሎ ጉልበት ወደ ላይ ስለሚገፋ መቀመጫውን ራሱን ነቅሎ እንዳይወጣ ጣውላ ወይም የብረት መታጠቂያ ተሠርቶለት በብሎን ይታሠር። ክዳኑ ሥር የጎማ ላስቲክ ቆርጦ ማስገባት፣ በየወሩም ከፍቶ ውኃ አለመግባቱን ማየት ነው። የቆላ ፀሐይ ፕላስቲክ ያደርቃል፤ የተሰነጠቀው ይቀየር። የፍራሽ ስፖንጅ ደግሞ ውኃ ይጠጣልና ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሥራው ካለቀ መሞከር ነው። አዞ በሌለበት ጥልቀት በሌለው ዳር፣ ሞተሩን አውርዶ በቦታው ክብደቱን የሚያህል ድንጋይ በጆንያ አሥሮ፣ ጀልባዋን ሆን ብሎ ውኃ መሙላት። ጠርዟ ዙሪያውን ከውኃ በላይ ከታየና ካልተገለበጠች ጥሩ። ኋላዋ ከወረደ እዚያው ጀሪካን መጨመር። የራሱን ጀልባ እንዲህ የሞከረ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚጭንባትን ነገር አይቶ ነው የሚጭነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ትልቅ ሞተር አልጠላም፤ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ዳር ያደርሳል። ነገር ግን 15 የፈረስ ጉልበት ያለው 40 ኪሎ ገደማ ሲመዝን 40 ያለው ከ70 ኪሎ ያልፋል፤ ልዩነቱ በሙሉ የሚያርፈው በጀልባዋ ኋላ፣ ጠርዟ ለማዕበል ዝቅ በሚልበት ቦታ ነው። ያለውን ሞተር መንከባከብ ይበልጣል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውኃ ነው፤ የአባያ ደለል የውኃ ፓምፑን ላስቲክ ይበላዋል። ማታ ማታ በበርሜል ንጹሕ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ማሠራት ዕድሜውን ያረዝማል። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን ውኃ ከቆመች ወዲያው ማጥፋት ያስፈልጋል፤ እምቦጭ ባለበት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ማየት። ሞተሩን የሚያጠፋው ቀይ ገመድ የነጂው እጅ ላይ ይታሠር። ነጂው ከወደቀ ሞተሩ የሚቆመው በእሷ ነው፤ ያለዚያ ሰው አልባ ጀልባ እየዞረች በፕሮፔለሯ ልትመታው ትችላለች። የጥላ ሸራውም በእኛ ፀሐይ ግድ ነው፤ ዝቅ ብሎ ይሠራና በአንድ ጉተታ የሚፈታ ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚረክሰው ማሻሻያ አንድ ጣሳ ቀለም ነው። በእንግሊዝ ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የፓርላማ አባል ከልክ በላይ ተጭነው የሚሰጥሙ መርከቦች ነገር እንቅልፍ ነስቶት ዓመታት ተሟግቷል። እ.ኤ.አ. በ1876 በወጣው ሕግ የጭነት ልክ የሚያሳይ ምልክት በመርከብ ጎን ላይ እንዲቀባ ግዴታ ሆነ። ለእኛ ጀልባም ይሠራል። እኔ ብጠየቅ ከጠርዟ ሁለት ስንዝር ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ቀይ መስመር ይቀባ፤ ውኃው መስመሩን ከነካ ሰው ወይም ጭነት ይውረድ። በሰኔ 2016 ዓ.ም በአማራ ክልል ወንዝ ላይ 26 ሰው የጫነች ጀልባ ተገልብጣ 19ኙ አልቀዋል። ከገበያ የሚመለሱ መንገደኞች ነበሩ። የገበያ ቀን ሁሉም ይቸኩላል፤ ነጂውም አንድ ሰው ትቶ መሄድ ይከብደዋል፤ መስመር ካለ ግን ክርክሩ ከነጂው ጋር አይሆንም።

መስመሩን የሚያስከብር ሰው ደግሞ ያስፈልጋል። የአገር ውስጥ ውኃ ትራንስፖርትን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን በየወንዙ መሻገሪያ ሰው ሊያቆም አይችልም። ቦረና ግን ለዚህ ዓይነት ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሥርዓት አለው። በኤላው ላይ የማን ከብት ዛሬ እንደሚጠጣ፣ የማን ነገ እንደሚደርሰው የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ ነው፤ ሀብታሙም ድሀውም ተራውን ይጠብቃል። በጀልባ መሳፈሪያው ላይም «በቃ፣ ሞልቷል» የሚል፣ ነጂውም ተሳፋሪውም የሚያከብረው አንድ ሰው ይቁም። አባያና ጫሞ ላይ የሚሠሩ ማኅበራት ከአባሎቻቸው በተራ መመደብ ይችላሉ፤ አበሉንም ከየጉዞው ገቢ ጥቂት ጥቂት ብር እያዋጡ መክፈል አይከብዳቸውም። ከመጪው ዝናብ በፊት ቢጀምሩት ደስ ይለኛል።