ከረመዳን በኋላስ? የቀነሰው ክብደት ለምን ይመለሳል?



ውድ አንባቢያን! ውፍረት ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ያልሰማ ሰው ዛሬ ብዙም የለም። መቀነስ እንደሚቻልም እናውቃለን። በየዓመቱ በረመዳን ቀበቷችን አንድ ቀዳዳ ይጠብቃል። ሸዋል ሲጋመስ ግን ቀበቶው ወደ ነበረበት ቀዳዳ ይመለሳል። በተለያዩ አገሮች በጾመኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። በረመዳን የሚቀንሰው ክብደት በአማካይ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 2 እስከ 5 ሳምንታት ውስጥም አብዛኛው ይመለሳል።

እንግዲህ የብዙዎቻችን ችግር የቀነሰውን ጠብቆ ማቆየት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በግለሰቡ ላይ እንጥላለን፤ «ነፍሱን መግዛት አቃተው» እንላለን። በእኔ እምነት ይህ ፍርድ ግማሽ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ ያለው በሰውነታችን አሠራር፣ በቤታችን ማዕድ፣ በመንገዳችንና በመስጊዳችን ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 3 የነበረ ሲሆን በ2016 ከመቶ 8 ደርሷል። በከተማ ከሚኖሩት መካከል ደግሞ ከ5 ሴቶች አንዷ ገደማ ናት። ወልቂጤና ቡታጅራም በየዓመቱ የሚሰፉ ከተሞች ናቸው።

ሰውነት ለምን ይታገለናል?

ክብደት ሲቀንስ ሰውነታችን ረሃብ የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ የሚያቃጥለውን ኃይል ደግሞ ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአውስትራሊያ የወጣ ጥናት 50 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ክብደታቸውን ከቀነሱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ ረሃብን የሚቀሰቅሱትና ጥጋብን የሚነግሩት ሆርሞኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው አልተመለሱም፤ ሰዎቹም ከበፊቱ የበለጠ ይርባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከ6 ዓመት በኋላ መረመረ። አብዛኞቹ ብዙውን ክብደት መልሰው ጨምረዋል። ሰውነታቸው በእረፍት ላይ ሳለ የሚያቃጥለው ኃይልም ከሚጠበቀው በቀን በ500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ነበር።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ክብደቱ የተመለሰበት ወንድማችን ሰነፍ ነው ብለን አንፍረድ። ሁለተኛ፣ በአንድ ወር ዘመቻ 10 ኪሎ ልጣል ብሎ መነሳት ለዘለቄታው አያዋጣም። ሰውነት ዓመታት የሚታገል ከሆነ የእኛም ጥንቃቄ ዓመታት የሚዘልቅ መሆን አለበት። ለዓመታት ሊዘልቅ የሚችለው ደግሞ ትንሽ ነገር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት ቢሆንም እንኳ ዘውታሪው እንደሆነ አስተምረውናል። ለዒባዳ የተነገረው ይህ መርህ ለጤናም ምን ያህል እንደሚሠራ ሐኪሞች እያረጋገጡት ነው።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የታተመ ከ3,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ነበር። ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው ከመቶ 7 ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲታገዙ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 58 ቀነሰ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታዩ ከቀነሱት ክብደት አብዛኛውን መልሰው ነበር፤ ነገር ግን በስኳር የመያዝ ዕድላቸው አሁንም ከሌሎቹ ከመቶ 34 ያነሰ ነበር። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከመቶ 7 ማለት ከ6 ኪሎ ያነሰ ነው። ስለዚህ «ካልከሳሁ ምን ዋጋ አለው» ብሎ መተው ስህተት ነው።

«አባቶቻችንስ ቅቤ ይበሉ አልነበረም?»

በጉራጌ ከተሞቻችን ስለ አመጋገብ ሲነሳ ይህ ጥያቄ አይቀርም። ትክክል ነው፣ ይበሉ ነበር። ነገር ግን አባቶቻችን እርሻውን በእጃቸው ቆፍረዋል፤ እናቶቻችን እንሰቱን ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ጉድጓድ አስገብተው ቆጮ አድርገዋል። እንሰት መፋቅ እጅ፣ እግር፣ ወገብና ትከሻ የሚጠይቅ ከባድ ሥራ ነው። ዛሬ በከተማ የምንኖረው ቆጮውን ከገበያ ገዝተን፣ በባጃጅ ጭነን፣ ቤታችን በር ላይ እንወርዳለን። ማዕዱ የአባቶቻችን ነው፤ ሥራው ግን ቀርቷል።

ቆጮን አልወቅስም። በራሱ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከጎመንና ከአይብ ጋር ሲሆን ጥሩ ምግብ ነው። ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ አይብ፣ ባቄላ፣ ምስር ወይም ሥጋ ሊታከልበት ይገባል። የሚያወፍረው ጣባው ላይ የሚፈሰው ቅቤ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ያህል አለው። ይህን ለማቃጠል መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው ወደ 20 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይኖርበታል። አንድ ጣባ ክትፎ ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚፈስ እርስዎ ያውቁታል።

ለዐረፋ ከአዲስ አበባና ከየአገሩ ተሰባስበን ከወላጆቻችን ጋር መብላታችን ደስታና ሲለተ ረሒም ነው። እሱን ቀንሱ የሚል ካለ አልስማማም። ችግሩ ዒዱ አልቆ ማዕዱ ሳያልቅ ሲቀር ነው። ዘመድ ለዘመድ እየተጠራራ ሳምንታት ይዘልቃል፤ በየቤቱም «ወላሂ ሳትበላ አትወጣም» አለ። እንግዳን ማክበር ከዲናችን ነው፤ የጠገበን ሰው በመሐላ ማስጨነቅ ግን ከማክበር አይቆጠርም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ ብሉ ጠጡ ሲል አታባክኑ ብሎ ወሰን አስቀምጧል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሆድን አንድ ሦስተኛ ለምግብ፣ አንድ ሦስተኛ ለውሃ፣ አንድ ሦስተኛ ለትንፋሽ መተው እንደሚገባ አመልክተዋል።

ሌላው የጫት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ በቡታጅራ አካባቢ ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን የጠየቀ ጥናት ግማሾቹ ጫት እንደሚቅሙ አሳይቷል። «ጫት ያከሳል» የሚሉ አሉ። ለጥቂት ሰዓታት ረሃብን ማስረሳቱ እውነት ነው። ሰዓታት ተቀምጦ በላዩ ላይ ለስላሳ መጠጣት፣ እኩለ ሌሊት ላይ መብላትና እንቅልፍ ማጣት ግን የጤና መንገድ አይደለም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ። እንቅልፍ ማነስም የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ ጫቱ ራሱም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ጠብቀው ያቆዩት ምን አደረጉ?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ አንድ መዝገብ አለ። ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሰው ከዓመት በላይ ያቆዩ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል። አመጋገባቸው የተለያየ ነው፤ የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አለ። ከ10ሩ 9ኙ በየቀኑ በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ በአብዛኛውም በእግር በመሄድ። ከ4ቱ 3ቱ በሳምንት ቢያንስ አንዴ ይመዘናሉ። አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፣ ቴሌቪዥን ፊትም ብዙ አይቀመጡም። ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው።

1. መስጊድ በእግር ይሂዱ። ቤትዎ ከመስጊድ 7 ደቂቃ ቢርቅ፣ ለሱብሒና ለዒሻ ብቻ ደርሶ መልስ 28 ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት 6 ቀን ቢያደርጉት 168 ደቂቃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከሚመክረው ዝቅተኛው 150 ደቂቃ ይበልጣል። ለእያንዳንዷ እርምጃም አጅር ቃል ተገብቶልናል። ሶላት ዒባዳ ነው፤ ስፖርት አናድርገው። መንገዱ ግን ለሁለቱም ይበቃል። ባጃጁን ለአቅመ ደካሞች እንተውላቸው።

2. ጡንቻዎን ይጠብቁ። ሰው ሲከሳ ጡንቻውም ይቀንሳል፤ ጡንቻ ሲቀንስ የሚቃጠለውም ያንሳል። በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ መሥራትና ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሞልቶ እያነሱ ማውረድ ገንዘብ አይጠይቅም።

3. በሳምንት አንድ ቀን ይመዘኑ። ለጁሙዓ ሲታጠቡ ቢያደርጉት አይረሳም። ሚዛን ከሌለዎት ወገብዎን በሜትር ወይም በክር ይለኩ። 2 ኪሎ ከጨመረ በዚያው ሳምንት ቅቤና ስኳሩን ይቀንሱ፤ 10 ኪሎ እስኪሆን አይጠብቁ።

4. የሱና ጾሞችን ያዘውትሩ። የሸዋል 6 ቀናት፣ ሰኞና ሐሙስ፣ በየወሩ 13፣ 14 እና 15ኛው ቀን አሉልን። ኒያው ለአላህ ይሁን፤ የሰውነት ጥቅሙ ይከተላል። ማፍጠሪያው ላይ ግን በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ከተደረደረ የቀኑ ጥቅም በግማሽ ሰዓት ያልቃል።

እህቶቻችን የት ይሂዱ?

ከላይ ያልኩት ሁሉ ለወንዶች ይቀላል። ሴቶቻችን ግን ከቤት ሥራ ውጪ በነፃነት የሚራመዱበት ቦታም ጊዜም የላቸውም፤ በጠዋት ብቅ ቢሉ ያልተባለ ነገር ይባላል። ከዚያ ወፈሩ ብለን እንቀልዳለን።

እስቲ ሱናውን እንመልከት። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደተናገሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ከእርሳቸው ጋር የሩጫ ውድድር አድርገዋል። መጀመሪያ ዓኢሻ ቀደሙ። በኋላ ሰውነታቸው ሲጨምር ደግሞ ነቢዩ ቀደሟቸውና ይህ በዚያኛው ነው በማለት ተጫወቱ። ልብ በሉ፤ ባለቤታቸው ሰውነት ስለጨመሩ አልሰደቧቸውም፤ እንደገና አብረው ሮጡ። ስለዚህ ባሎች ሆይ! ከዐስር በኋላ ከባለቤትዎ ጋር ግማሽ ሰዓት መራመድ ነውር ሳይሆን ሱና የሚሸት ነገር ነው። እህቶችም ሁለትና ሦስት ሆነው በአንድነት ቢወጡ አፍ ይዘጋል።

የመስጊድ ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። በየጀመዓችን ሐኪሞችና ነርሶች ይሰግዳሉ። በወር አንድ ጁሙዓ የደም ግፊት ቢለኩልን፣ በበሩ አጠገብ አንድ ሚዛን ቢቀመጥ፣ የመድረሳው ግቢ በተወሰነ ሰዓት ለሴቶች እንቅስቃሴ ቢፈቀድ ወጪው ለአንድ ኢፍጣር ከምናወጣው አይበልጥም።

አንደበታችንንም እንጠብቅ። አንድ ወንድም ለጤናው ብሎ 5 ኪሎ ሲቀንስ «ምነው ከሳህ? ታመምክ እንዴ?» እንለዋለን፤ ሲወፍር «ተመችቶሃል» እንለዋለን። በዚህ ንግግር ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ስንቱ ነው!

ማሳሰቢያ

ይህ ሁሉ ክብደት ለበዛበት ሰው ነው። በአገራችን ቀጭን ሆነው ምግብ የሚያንሳቸው እናቶችና ሕፃናት ብዙ ናቸው፤ ለነርሱ መጨመር እንጂ መቀነስ አይመከርም። ሳይፈልግ የሚከሳ ሰው ቶሎ ይመርመር፤ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች ከመጾማቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ክብደት የሚጨምሩ በሽታዎችና መድኃኒቶችም ስላሉ ጥረቱ ካልሠራ ምርመራ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢ! ሰውነታችን የተሰጠን አማና ነው፤ በቂያማ ዕለት በምን እንዳሳለፍነው እንጠየቅበታለን። ዛሬ ከዘረዘርነው ሁሉ አንዱን ብቻ ይምረጡ፤ እስከሚመጣው ረመዳንም ሳያቋርጡ ይያዙት። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፣ በመልካም ሥራም ያዘውትረን። ወላሁ አዕለም።