«አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም»፦ የጃፓን ተራራማ መንደሮችና የማኅበር ውሳኔ

በመካከለኛው ጃፓን በተራሮች መካከል የሚገኙትን የሺራካዋ-ጎና የጎካያማ መንደሮች ለማየት የሚሄደው ጎብኚ በአብዛኛው ጠዋት በአውቶቡስ ደርሶ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ነው። በአስጎብኚ እየተመራ በሺራካዋ መንደር ውስጥ ያለችውን ኦጊማቺን ይዞራል፤ የሣር ክዳን ቤቶችን ፎቶግራፍ ያነሳል፤ ከዚያም አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ወደ ጥንታዊቷ የታካያማ ከተማ ያመራል። በዚህች አጭር ቀን ውስጥ ከዓይን የሚሰወር አንድ ዐቢይ ጥያቄ አለ። እነዚህ ቤቶች እስከ ዛሬ የቆሙት በማን ኃይል ነው? ጥያቄው የገበሬ ማኅበር ለሚመራ ሁሉ የሚጠቅም በመሆኑ በዝርዝር መመልከቱ ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አካባቢው ክረምት ላይ በረዶ እስከ ሁለት ሜትር የሚከመርበት ነው። ስለዚህ ጣራው ለጸሎት እንደተገጠሙ ሁለት መዳፎች ቀጥ ብሎ የተሠራ ሲሆን ተዳፋትነቱ 60 ዲግሪ ይደርሳል። ወራጁና ማገሩ የተያያዘው በምስማር ሳይሆን በገመድና በለጋ እንጨት ጭራሮ ነው። ከጣራው ሥር ያለው ሰፊ ቆጥ የሐር ትል ይረባበት ነበር። ከወለሉ በታች ደግሞ ለባሩድ የሚሆን ጨው ይዘጋጅ ነበር፤ የጎካያማ ገበሬዎችም ይህን ምርት ለካጋ ግዛት ገዢዎች ያቀርቡ ነበር። ከምድጃው የሚወጣው ጢስ ሣሩንና ገመዱን ከነቀዝ ይጠብቃል። እንግዲህ ለጎብኚው ውበት ሆኖ የሚታየው ሁሉ ለገበሬው የሥራ መሣሪያ እንደነበረ መዘንጋት የለበትም።

ይሁን እንጂ ይህን የሚያህል ጣራ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊከድነው አይችልም። ሣሩ ከ30 እስከ 40 ዓመት ከቆየ በኋላ መለወጥ አለበት። ለዚህም መንደርተኛው «ዩኢ» የሚባል የመረዳጃ ሥርዓት ነበረው። ይህም በእኛ ገጠር ወንፈል የምንለውን ይመስላል። አንዱን የጣራ ጎን ለመክደን ከ100 እስከ 200 ሰው በአንድነት ይወጣል፤ ማን ስንት ቀን እንደሠራ በመዝገብ ይጻፋል፤ የተረዳው ሰው በተራው ብድሩን በጉልበቱ ይመልሳል። ሣሩ የሚታጨድበት መስክም እንደ እርሻው ሁሉ በጥንቃቄ ይያዝ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። የሐር ምርት ተዳከመ። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቀው የሚቦሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ግድብ በሾ ወንዝ ዳር የነበሩ መንደሮችን በውኃ አሰጠመ። ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ አንዳንዶቹም ተነቅለው ለከተማ ምግብ ቤትነትና ለሙዚየም ተሸጡ። ለባለቤቱ ሽያጩ ፈጣን ገንዘብ ነበር። ለመንደሩ ግን አንድ ቤት በሄደ ቁጥር በዩኢ ጣራ የሚከድን እጅ አብሮ ይሄድ ነበር።

የኦጊማቺ ነዋሪዎች ይህን ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1971 የመንደራቸውን አካባቢ የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ። ሦስት ነጥብ ያለው ደንብም አወጡ፦ አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም። እዚህ ላይ የጊዜው ቅደም ተከተል ሊጤን ይገባዋል። መንግሥት መንደሩን በሕግ የጥበቃ ክልል ያደረገው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ኦጊማቺ ከጎካያማዎቹ አይኖኩራና ሱጋኑማ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ነበር። ይኸውም የነዋሪው ውሳኔ ቀደመ፣ የመንግሥት ድጋፍና የቱሪስት ገንዘብ ተከተለ ማለት ነው።

ገንዘቡ ግን ችግሩን ሁሉ አልፈታም። በሺራካዋ የሚኖረው ሕዝብ 1,500 ያህል ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው ጎብኚ ከ1 ሚሊዮን 5 መቶ ሺህ በላይ ነበር። የአብዛኛው ጎብኚ ቆይታ አጭር ነው። ሌሊቱን አድሮ የሚበላና የሚከፍለው ጥቂት ሲሆን፣ መንገድ የሚዘጋውና ጓሮ ውስጥ የሚገባው ብዙ ነው። በዚህም የተነሳ የጎብኚው መኪና ከወንዙ ማዶ እንዲቆምና ሰው በተንጠለጠለ ድልድይ ተሻግሮ በእግሩ እንዲገባ ተደረገ። ከመኪና ማቆሚያው የሚገኘው ገቢም ለቤቶቹ ጥበቃ ይውላል። በክረምት ምሽት ቤቶቹ በመብራት ደምቀው የሚታዩበት ዝግጅትም ከ2019 ጀምሮ አስቀድሞ ለተመዘገበ ብቻ ሆኗል።

ሌላው ጉዳይ የጉልበት ነው። ዛሬ የክዳኑን ወጪ አብዛኛውን የሚሸፍነው የመንግሥት ድጎማ ነው። ሥራውንም ብዙ ጊዜ የሚሠሩት የሙያው ድርጅቶች ናቸው፤ በጎካያማ ይህን የሚያከናውነው የአካባቢው የደን ባለቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ዩኢ ፈጽሞ ባይጠፋም እንደ ቀድሞው የሁሉም ጣራ መሠረት አይደለም። ጣራን በገንዘብ ማስከደን ይቻላል፤ እሳት ሲነሳ ሮጦ የሚደርስ ጎረቤትን ግን በገንዘብ መግዛት አይቻልም። የሣር ቤት ጠላቱ እሳት ነውና ነዋሪዎቹ በየመከሩ ውኃ በመርጨት የእሳት አደጋ መከላከያ ልምምድ ያደርጋሉ።

የታካያማም ታሪክ ከዚሁ የራቀ አይደለም። የአካባቢው ገበሬ ከ8ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በግብር ፈንታ አናጢዎችን ወደ መናገሻ ከተማ ይልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1692 ሀገሩን የሚገዛው የሾጉን መንግሥት አካባቢውን በቀጥታ ሥሩ አደረገው። በከተማዋ ያለው የቀድሞ አስተዳደር ጽሕፈት ቤትና የግብር ሩዝ ጎተራው ዛሬ ይጎበኛሉ። የጎበዝ አናጢ እጅ ያረፈባቸው የነጋዴ ቤቶችም የከተማዋ መተዳደሪያ ሆነዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የውጭ ሰው የሚመኘው ምንጭ፣ ደን፣ የሣር መስክ ወይም የቆየ ቤት ያለው ማኅበር ምን እንደሚሸጥና ምን እንደማይሸጥ መወሰን ያለበት ገዢው ከመምጣቱ በፊት ነው። ገቢው ለማን እንደሚደርስና የጋራ ሥራው በማን እንደሚቀጥልም በዚያው ስብሰባ መነሳት አለበት። የኦጊማቺ ሰዎች ለዚህ ሦስት ቃላት በቁአቸዋል። ቃላቱን ያጸናቸው ግን በጽሑፍ መስፈራቸው ሳይሆን መንደርተኛው ራሱ መክሮ የተቀበላቸው መሆኑ ነው።