የጎጆ ዳገትና አንዲት ብሎን

ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበረና አራት ሆነን በአሮጌዋ መኪናዬ በጀልዱ ወዳለችው ጎጆ ከተማ ወጣን። እስከ ጊንጪ ደህና ነበርን። ሆለታንም አዲስ ዓለምንም በአምስተኛ ማርሽ ነው ያለፍናቸው። ጊንጪ ላይ የአምቦን መንገድ ትተን ወደ ጀልዱ ታጥፈን ዳገቱን ስንያያዘው ግን ሌላ መኪና ሆነችብኝ። ሦስተኛ ማርሽ እምቢ። ሁለተኛም እምቢ። መርገጫውን ከወለሉ አጣብቄ በአንደኛ እያቃሰተች ስትሄድ፣ ሰው የጫነ ቅጥቅጥ አይሱዙ ጥሩንባውን ነፍቶ ጥሎን ነጎደ። እናቴ ከኋላ ወንበር «ወርጄ ልግፋልህ እንዴ?» አለችኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ሠርግ ቤት ሁሉም መካኒክ ነው። አንዱ ቤንዚኑ ውኃ ገብቶበታል አለ፣ ሌላው ፍሪሲዮን ነው ብሎ ማለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ጎጆ እኮ ደጋ ነው፣ መኪናም ትንፋሽ ያጥረዋል» አሉ። የእሳቸው ነገር ግማሽ እውነት አለው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ጎጆ ደግሞ ከአዲስ አበባም ከፍ ትላለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በሚስበው አየር ልክ ስለሆነ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው አዲስ አበባ ሲገባ 80 ገደማ ይዞ ይቀራል። ያ አይሱዙ ቱርቦው አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባለት ደጋው ብዙም አልተሰማውም። ነገር ግን የእኔዋ ዓምና ይህንኑ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጥታዋለች። ጎጆም ዓምና እዚያው ከፍታዋ ላይ ነበረች።

ከሠርጉ በኋላ አምቦ ወርጄ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ አቆምኳት። ኮፈኑን ሳይከፍቱ «ቅርብ ጊዜ ማን ነካት?» አሉኝ። እውነትም ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ አስገብቼያት ነበር፤ ስትቆም ትንቀጠቀጥ ስለነበር። እጃቸውን አየር ወደ ሞተሩ በሚያስገባው ማኒፎልድ ሥር ሰድደው ሲዳብሱ ቆዩና ትንሽ ጣት የምታክል የጎማ ቱቦ ጎትተው አወጡ። ጫፏ ተሰነጣጥቋል፤ አፏ ላይ ብሎን ተወትፎ በሽቦ ታስሯል። ብሎኗን ነቅለው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። አዲስ ቱቦ ቆርጠው አንዱን ጫፍ ሰኩና ሌላውን በከንፈራቸው ይዘው ወደ ውስጥ ሳቡ። ከማኒፎልዱ ጎን ያለች ብረት ቀጭ ብላ ተሳበች። ሲለቋት ተመለሰች።

«ኦቦ፣ ይቺ ምን ትሠራለች?»

«የትንፋሿን መንገድ ታስረዝማለች፣ ታሳጥራለች። እጇን አስረዋት ነው የከረመችው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ፣ በማኒፎልዱ ቧንቧ ውስጥ እየሮጠ የመጣው አየር ቫልቩ ድንገት ሲዘጋበት ከበሩ ይላተማል። ግፊቱ ሞገድ ሆኖ ወደ ኋላ ይሄድና ከወዲያኛው ጫፍ ነጥሮ ይመለሳል። ቫልቩ እንደገና በተከፈተበት ቅጽበት ከደረሰ፣ ሲሊንደሩ በራሱ ከሚስበው በላይ አየር ይገፋለታል፤ ያለ ቱርቦ የተገኘ ትርፍ ማለት ነው። ሞገዱ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ። ሞገዱ ለማንም አይቸኩልም፤ የሚቸኩለውና የሚዘገየው ሞተሩ ነው። ስለዚህ ዙሩ ዝቅ ሲል ሞገዱ እንዳይቀድም ረጅም ቧንቧ፣ ዙሩ ሲንር ደግሞ እንዳይዘገይ አጭር ቧንቧ ያስፈልጋል።

እምቢልታ የሚነፉ ሰዎችን ያየ ይገባዋል። እምቢልታ ቀዳዳ የለውም፤ ርዝመቱ አንድ ስለሆነ ዜማው እንዲሞላ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሌሎች እምቢልታዎች ይፈልጋል። ዋሽንት ግን ጣት በተነሣ ቁጥር የአየሩን መንገድ ያሳጥራል፤ አንዱ ሰው ብቻውን ዜማውን ይጨርሰዋል። የድሮ ማኒፎልድ እምቢልታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ክራይስለር 300ኤፍ በተባለች መኪናው ላይ 76 ሴንቲሜትር ያህል የሚረዝሙ ቧንቧዎች ገጠመ፤ በዝቅተኛ ዙር ጉድ የሚያሰኝ ጉልበት ሰጡ። በከፍተኛ ዙር መሮጥ ለሚሻ ደግሞ የውስጡን ግድግዳ እስከ ግማሽ ቆርጦ ቧንቧውን 38 ሴንቲሜትር አደረገለት። ሁለቱን ባንድ መኪና ማግኘት ግን አልተቻለም። ኋላ ቶዮታ ኤሲአይኤስ፣ ህዩንዳይ ቪአይኤስ ያሉት ነገር መጣ፤ በመካከል ክዳን አስገብቶ እንደ ዙሩ መንገዱን የሚለዋውጥ። ዋሽንት ሆነ።

የእኔዋ መኪና ክዳኗ በቱቦዋ ሲሳብ ይዘጋል፤ አየሩ በረጅሙ መንገድ ይዞራል። መሳቡ ሲጠፋ ክዳኑ ይከፈትና አጭሩ መንገድ ብቻ ይቀራል። (በሌሎች መኪኖች ተገላቢጦሽ የሚሆንም አለ።) ብሎኗ ከተወተፈች ወዲህ ምስኪኗ በደቂቃ ለ5,000 ዙር በተሠራ ጉሮሮ በ2,000 ዙር ዳገት ስትገፋ ከርማለች። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ አላወቅሁባትም፤ ጎጆ ናት ያጋለጠቻት። ደግሞም ቱቦዋ የምትስበው መርገጫው በቀስታ ሲረገጥ ነው፤ እስከ ወለል ሲረገጥ የሞተሩ መሳብ ይጠፋል። ለዚያ ተብሎ ከጎኗ መሳቡን የምታጠራቅም ትንሽ ፕላስቲክ ጣሳ አለች። የተሰነጠቀች ቱቦ ያችን ጣሳ የምታራቁታት ልክ ዳገት ላይ ነው፤ ደጋ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ከመጀመሪያውም የሚጠራቀመው ትንሽ ነው።

ቅሬታዬ ከዚያች ብሎን ይሰፋል። «ይሄ ትርፍ ነው» የሚል በሽታ አለብን። ቴርሞስታቱን «ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው» ብሎ የሚነቅል መካኒክ ስንት ነው? ውርጭ ድንች በሚያቃጥልበት በጀልዱ እንኳን! ዳሽቦርድ ላይ መብራት ሲበራ ምክንያቱን ትቶ አምፖሉን የሚያወጣም አለ። እኛም ገዢዎቹ አንሻልም፤ መኪና ስንገዛ የምንጠይቀው የፈረስ ጉልበት ነው። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 6,000 ዙር አካባቢ የተለካ ነው። ከጊንጪ ጎጆ 6,000 ዙር የሚነዳ ማን ነው? የእኛ ኑሮ ከ1,500 እስከ 3,000 ባለው ዙር ውስጥ ነው፤ ማርሽ ሳይቀነስ በሚጎትተው ጉልበት። «ትርፍ» ተብላ የምትታሰረው ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትሠራው ለዚያው ነው።

መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ጎጆም ጅቡቲም ለእሱ አንድ ነው፣ ጉልበቱንም ገና ከመነሻው ይሰጣል። እሰየው። እስከዚያው ግን እዚህ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው፣ ምትክም ስለማይመጣላቸው ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። አንድ ክንድ የጎማ ቱቦ ደግሞ ከምሳ የሚያንስ ዋጋ ነው ያስከፈለኝ።

ለዳግማይ ትንሣኤ እንደገና ጎጆ ወጣን። እናቴ ከፊት ተቀምጣ መርገጫዬን ስትቆጣጠር ነበር። ሦስተኛ ማርሽ እስከ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ዘለቀ፣ ከዚያ ሁለተኛ፤ አንደኛን አልነካሁትም። አይሱዙው ግን አሁንም አለፈን።