የጋይንቷ ዊሊስና የእኛ ዲግሪ

በዚህ መጽሔት ስለ መኪና ሲጻፍ ያየ አንባቢ «የአውቶቡስ መሳፈሪያ የሌለው ተማሪ ስለ አውቶሞቢል ይፈላሰፋል» ብሎ ይስቅብን ይሆናል። ይሳቅ። እኛ የምናነሣት መኪና በአበባ ተሸልማ በአዲስ አበባ ጎዳና ሙሽራ የምታጅበው፥ ባለ ኒኬሏ አሮጌ የአሜሪካ መኪና አይደለችም። የእኛይቱ በጋይንት፥ ከቤተ ልሔም ማዶ፥ በአንድ አዛውንት ግቢ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ በኪሎ ልትሸጥ የምትጠባበቅ ዊሊስ ጂፕ ናት።

ከመካከላችን የጋይንት ልጆች የሆንን ባለፈው ዕረፍት አገር ቤት ስንገባ ሄደን አየናት። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡና፥ አንዱ ጓደኛችን ጎማዋን በእግሩ መታ ቢያደርግ፥ «ተው ልጄ፤ ከአባትህ ትበልጣለች፤ አንቱ በላት» አሉት። በዚህች መኪና ምጥ የጠናባት ሴት ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ደርሳለች፤ ገብስና ጤፍ ገበያ ወጥቷል፤ የቆሎ ተማሪ ከነአኩፋዳው ተጭኗል። አሁን ግን የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ መጥቶ ገምቷታል፤ ከፋሲካ በኋላ ቁርጥ ያለ መልስ ይፈልጋል።

ዓይነቷ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1953 በኦሃዮ ግዛት በቶሌዶ ከተማ ከተሠሩት ነው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፥ 2.2 ሊትር፥ ጉልበቱም 60 የፈረስ ጉልበት ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከዘመተችው ጂፕ ሞተር የተወለደ ነው። ቶሌዶ ግን ከባሕር ወለል 200 ሜትር እንኳ የማትሞላ ከተማ ናት። ደብረ ታቦር ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ጋይንት የሚወስደው መንገድም ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ ይወጣል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚስበው አየር ያንሳል፤ ቤንዚኑ ግን በቶሌዶው ልክ ይፈስሳል። ስለዚህ መኪናዋ ሩብ ያህል ጉልበቷን አጥታ ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

ይህን እኛ ከመጽሐፍ እናውቀዋለን። መድኃኒቱን ያገኙላት ግን መጽሐፉን ያላዩት በደብረ ታቦር ያሉ አንድ አሮጌ መካኒክ ናቸው፤ የካርቡራተሩን ጂግለር አጥብበው፥ የካንዴላውን እሳት ጥቂት አስቀድመው አስተካከሉላት። ረጅም ካቻቪቴ በሞተሩ ላይ ተክለው እጀታውን ከጆሯቸው አስጠግተው የትኛው ኩሽኔታ እንደ ተበላ ይናገራሉ። (በነገራችን ላይ፥ የአሜሪካን መኪና በጣልያንኛ ቃል የሚፈታ ከእኛ በቀር ማን አለ? ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ማርሚታ! ጣልያን ከተባረረ በኋላ እንኳ ከጋራዥ አልወጣም።)

ግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ውል የአሜሪካንን ተሽከርካሪ ወደ አገራችን አምጥቷል። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ የአሜሪካንን የጦር ሚሲዮን ዘጋ፤ ወዳጅነቱ ሲበጠስ መለዋወጫውም ራቀ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለችውን መኪና በሕይወት ያቆያት የቶሌዶ ፋብሪካ አይደለም፤ ቶርኖ ቤት ነው። ኩባም የደረሰባት ይኸው ነው። የአሜሪካ ማዕቀብ ከመጣ በኋላ ኩባውያን የአባቶቻቸውን ሼቭሮሌ የሩሲያ ሞተርና በእጅ የተሠራ ዕቃ እያስገቡ እስከ ዛሬ ይነዳሉ። ሕንዶች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በማሂንድራ ኩባንያ ጂፕን መገጣጠም ተማሩና በኋላ ራሳቸው አምራች ሆኑ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያስቀናን ለመናገር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

እንግዲህ ትታደስ ቢባል ምኗ ይታደስ? የአዛውንቱ ልጅ «የቶዮታ ሞተር ይግባላት» ይላል፤ ከእኛም ግማሹ ደግፎታል፤ አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረንበታል። የብዙዎቻችን አሳብ ግን ይህ ነው፤ ሞተሩ መጨረሻ ላይ ይነካ። መጭመቁ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥራቱ የወረደውን፥ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ሳያጉረመርም ይቀበላል፤ ሲሊንደሩም ሲበላ በቶርኖ ቤት ይሞረዳል። መጀመሪያ መነካት ያለበት ፍሬኑ ነው። በእንዲህ ያለችው መኪና የአራቱም ጎማ ፍሬን በአንድ መሥመር የተያያዘ ነው፤ አንዲት ቱቦ ብታፈስስ በጉና ቁልቁለት የሚቀረው የእጅ ፍሬንና ጸሎት ብቻ ነው። ለፊትና ለኋላ የተለያየ መሥመር ያለው ፓምፕ ይግባላት፤ የወንበር ቀበቶም ይታሰርላት። ከዚያ 6 ቮልቱ ወደ 12 ይለወጥ፤ የ6 ቮልት ባትሪ ገበያ ላይ ማግኘት ጭንቅ ነውና። ዲናሞው፥ ኮይሉና አምፖሉ ሁሉ አብረው መለወጥ አለባቸው። ሞተሪኖው ግን 12ቱን ይችላል፤ ሹፌሩ ቁልፉን ይዞ ካላቆየው። ቀለሙ ይቆይ፤ ቀለም ማንንም ሐኪም ቤት አላደረሰም።

«አሮጌ መኪና ቤንዚን ትጠጣለች፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። መንግሥት በዐዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ፥ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ነዳጁን በውጭ ምንዛሪ የምንገዛ፥ መብራቱን ከገዛ ውኃችን የምናመነጭ ሰዎች ይህን ልንቃወም አንችልም። ነገር ግን አዲስ የነዳጅ መኪና ካልገባ ያለው ረጅም ዘመን መኖር አለበት፤ ማን ይጠግነዋል? የኤሌክትሪኩስ በተራው ሲያረጅ ባትሪውን ማን ይከፍተዋል? የዛሬይቱን ዊሊስ መፍታት የፈራ እጅ የነገውን ይደፍራል ብለን አናምንም።

በቤተ ልሔም ያለውን ሥርዐት የማያውቅ የለም። ድጓን በሌላ ጉባኤ ቤት ዓመታት የተማረ ሰው እንኳ ቤተ ልሔም ወርዶ፥ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ፥ ዜማውን አሰምቶ፥ መጽሐፉን አሳርሞ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ነኝ ማለት ይከብደዋል። እኛስ? አምስት ዓመት ሜካኒካል ምሕንድስና ተምረን አንድ ካምቢዮ በእጃችን ሳንፈታ ጋውን እንለብሳለን። ጥፋቱን ሁሉ በመምህራን ላይ አንጥልም፤ እኛም ብንሆን ቅባት የነካው ሸሚዝ ያሳፍረናል። ያ አሮጌ መካኒክ ሰባን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። የመጨረሻው ረዳታቸው ትቷቸው ባጃጅ ይነዳል። እሳቸው ሲያልፉ ያ ጆሮ አብሮ ያልፋል፤ በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት አናገኘውም።

ስለዚህ አዛውንቱን ብረት ነጋዴው ያቀረበውን ዋጋ እኛ እንስጥዎ ብለን ጠይቀናቸዋል። «ለመፍታት ከሆነ አልሰጥም፤ ፈትታችሁ ለመግጠም ከሆነ ግን ከእሱ ቀንሼ እሰጣችኋለሁ» አሉን። መካኒኩም «ወንበር ካገኘሁ እየተቀመጥሁ አሳያችኋለሁ» ብለዋል። የሚቀረው ገንዘቡና ከግቢያችን ጥግ አንድ ዳስ ነው። መዋጮው የፊታችን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በመዝናኛ ክበቡ በር ይሰበሰባል፤ የምሕንድስና ተማሪ ብቻ አይምጣ፤ የሕግም የቋንቋም ተማሪ ይምጣ። ካቻቪቴ ያለው ይዞ ይምጣ።