ፎቶው የማን ነው?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ያስተማርኩት አንድ ልጅ በቴሌግራም የፎቶ ውድድር ማስታወቂያ ላከልኝ። «ቲቸር፣ ልግባበት?» ይላል። «ደንቡን አንብበኸዋል?» ስለው «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ያነበብኩት ሽልማቱን ነው» አለኝ። ሳቅን። በኋላ ግን አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋብኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ በወንድሟ ስልክ አያቷን አነሳቻቸው። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው በሰፌድ ገብስ ሲያበጥሩ ነው፤ የማታዋ ፀሐይ ብናኙን ወርቅ አስመስላዋለች። «ይሄማ ውድድር መግባት አለበት» ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ አካል ውድድር አውጥቶ ነበር። ቅጹን አብሬያት ሞላሁ፤ ፎቶውን በኔ ኢሜይል ላክነው። መልስ አልመጣም። በቃ አላሸነፈችም ብለን ተውነው።

በዓመቱ ፎቶውን የግድግዳ ካላንደር ላይ አየነው። የልጅቷ ስም የለም። የአያቷም ስም የለም። ደውዬ ስጠይቅ አንድ ሰው በትሕትና «መምህር፣ የደንቡን ተራ ቁጥር 9 ይመልከቱ» አለኝ። አየሁት። ለውድድሩ የሚላኩ ፎቶዎች በሙሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ ይላል። ያሸነፉት ብቻ አይደሉም፤ የተላኩት በሙሉ! ሰዎቹ አልደበቁንም። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ተማሪን «መመሪያውን ሳታነብ ፈተና አትጀምር» እያልኩ የምቆጣው እኔ።

አያትየው ካላንደሩን ሲያዩ ግን ያሉት ነገር እስካሁን አይረሳኝም። «አምሮብኛል፤ ግን ልጄ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ ወዲህ የፎቶ ውድድር ማስታወቂያ ሳይ ከሽልማቱ በፊት ደንቡን ነው የማነበው። ምክንያቱም በአንድ ፎቶ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ያነሳው፣ የተነሳው እና ውድድሩን ያዘጋጀው። ደንብ ማለት ለሦስቱ ምን ምን እንደሚደርሳቸው የሚያከፋፍል ወረቀት ነው። እኔ ካነበብኳቸው ብዙዎቹ የሚያስቡት ለሦስተኛው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ ባለቤትነት። ደንብ ስታነቡ «ንብረት» የምትለውን ቃል ፈልጉ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቆጥረዋል፤ ሥራውን ያመነጨው ሰው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም ይሰጣል። ግን በፊርማችሁ ከሰጣችሁ በኋላ መከራከር ከባድ ነው።

ሌላ ዓይነት አሠራርም አለ። «ዊኪ ላቭስ አፍሪካ» የሚባል ውድድር ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። በየዙሩ አንድ ርዕስ ያወጣል፤ በመጀመሪያው ዓመት ምግብ ነበር፣ በ2016 ሙዚቃና ውዝዋዜ፣ በ2017 ሰዎች በሥራ ላይ። እዚያ የምታስገቡት ፎቶ ራሳችሁ ያነሳችሁት መሆን አለበት፤ የምትለቁትም በነፃ ፈቃድ ነው። ማንም ሰው፣ ነጋዴም ቢሆን፣ ስማችሁን ጠቅሶ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ባለቤትነቱ ግን የናንተ ሆኖ ይቀራል። ለሁሉም ሰው ይስማማል አልልም። አንዴ ከለቀቃችሁት መመለሻ የለውም። ቢያንስ ግን ምን እንደምትሰጡ አስቀድሞ በግልጽ ይነግራችኋል።

አዘጋጅም ቢሆን ፎቶዎቹን ሳያሳይ ውድድር ማካሄድ አይችልም፤ ይገባኛል። ለዚህ ግን «ያሸነፉትን ፎቶዎች የአንሺውን ስም ጠቅሰን ውድድሩን ለማስተዋወቅ እንጠቀማለን» ማለት ይበቃዋል። የሁሉም ፎቶ ባለቤት መሆን ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛው ምድብ ነው። ምድብ የሽልማት መደርደሪያ ብቻ ይመስለን ነበር። አይደለም፤ ዳኛው ፎቶውን ምን ብሎ እንደሚጠይቀው የሚወስነው ምድቡ ነው። የኛው ሙሉጌታ አየነ በመጋቢት 2011 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ በአደጋው ቦታ በሐዘን አፈር ፊቷ ላይ የምትበትን ሴት አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዎርልድ ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ዕጩ ሆኗል። የዜና ፎቶ ሲሆን «እንደገና አድርጊው» ማለት የለም። መጨመር፣ መቀነስ የለም። ዳኞች ዋናውን ያልተነካ ፋይል አምጣ ይላሉ።

በፈጠራ ምድብ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቦሪስ ኤልዳግሰን የተባለ ጀርመናዊ በሶኒ የዓለም ፎቶግራፍ ሽልማት የፈጠራ ምድብ ካሸነፈ በኋላ ምስሉ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ስለሆነ ሽልማቱን አልቀበልም አለ። በዓመቱ ደግሞ ማይልስ አስትሬይ የተባለ አንሺ በተቃራኒው እውነተኛ የፍላሚንጎ ፎቶ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ምድብ አስገብቶ ሽልማት አገኘ፤ እውነቱን ሲናገር ተሰረዘ። ሁለቱም የነገሩን አንድ ነገር ነው። ምድቡ በግልጽ ካልተጻፈ፣ ወይም ከተጻፈ በኋላ ካልተጣራ፣ ዳኛውም ይሳሳታል።

ወደ እኛ ጋዝጊብላ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ቀላል ነው፤ ስልክ ነው ጉዳዩ። «ፎቶው በፕሮፌሽናል ካሜራ የተነሳ መሆን አለበት» የሚል አንድ መስመር ብቻ የክፍሌን ልጆች በሙሉ ከውድድር ያስወጣቸዋል። የስልክ ምድብ ይኑር። በዚህ አጋጣሚ ለልጆቼ ምክር፦ ፎቶ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቃል፤ ጥራቱ ይወርዳል። እንደ ፋይል ላኩት። ዋናውን ደግሞ ከስልካችሁ አታጥፉ። ነገ «የኔ ነው» ለማለት የሚረዳችሁ እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ለኔ ትልቁ፣ የተነሳው ሰው ነው።

እኛ የዋግ ሰዎች በፎቶ የምንታወቀው ከድሮ ጀምሮ ነው። በጥቅምት 1977 ሞሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል ቡርክ በቢቢሲ ያቀረበው የኮረም ዘገባ ዓለምን አስለቀሰ። በረሃብ ተሰደው ኮረም ከወረዱት መካከል የዋግ ሰዎችም ነበሩ። ያ ምስል እርዳታ አምጥቷል፤ የተረፉ ሰዎች አሉ፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ግን በነዚያ ሁሉ ምስሎች ውስጥ ያሉት አባቶችና እናቶች ስማቸው ማን ነበር? ያነሷቸው ሰዎች ስም ተጽፎ ቀርቷል። የነሱ የለም።

ችግሩ ከዚያ ወዲህ ካሜራ የያዘ ሰው ወደኛ ሲመጣ ያንኑ ምስል ፍለጋ መምጣቱ ነው። አንድ እንግዳ መንገድ ዳር አንዱን ልጅ «ጫማህን አውልቅና ቁምልኝ» ሲለው በዓይኔ አይቻለሁ። ልጁ ጫማ ነበረው! እናቱ ለበዓል የገዛችለት ጫማ። አውልቆ ቆመ፤ ምን ያድርግ?

እ.ኤ.አ. በ2009 የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ ተብሎ የተሸለመ አጥር የሚዘል ተኩላ ፎቶ ነበር። በማግስቱ ዓመት ዳኞቹ ተኩላው ሰው ያለመደው ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ነጠቁ፤ አንሺው ግን አላመነም። የውድድሩ ደንብ የተለማመደ እንስሳ አምጥቶ እንደ ዱር እንስሳ ማቅረብን ስለሚከለክል ነው። እንግዲህ ለተኩላ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ ጫማውን ላወለቀው ልጅ ደንብ የሚጽፍ አይገኝም?

ሕጋችን እንኳ ያውቀዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት፣ መሸጥ አይቻልም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፤ በአደባባይ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት አንዱ ነው። ስለዚህ ሻደይ ላይ የምትጨፍር ልጅን ማንሳት በሕግ አያስጠይቅም ይሆናል። ግን የሕግ ነገር ሌላ፣ የይሉኝታ ነገር ሌላ። ወገቧ ላይ ሻደይዋን አስራ የምትጫወተው ከጓደኞቿ ጋር ነው። ከመቶ ልጆች መካከል የሷን ፊት ብቻ አቅርቦ ቆርጦ፣ ለውድድር ልኮ፣ ቢልቦርድ ላይ መስቀል ግን መጠየቅን ይፈልጋል። እህታችሁ ብትሆንስ?

አንዳንዱ «መምህር፣ ደንብ ካበዛህ ማን ይወዳደራል?» ይለኛል። እውነት ነው፤ አሥር ገጽ ደንብ ማንም አያነብም። እኔ የምለው አንድ ገጽ ነው። ነሐሴ 16 ሻደይ ሲገባ በትምህርት ቤትም ሆነ በወረዳ የፎቶ ውድድር ማዘጋጀት ለምታስቡ የኔ ሐሳብ ይኸው፦

1. ሦስት ምድብ ይበቃል፦ ሰው፣ በዓልና ሥራ፣ መሬታችን። በሁሉም የስልክ ፎቶ ይገባል።

2. ፎቶው የአንሺው ነው። አዘጋጁ ያሸነፉትን ብቻ፣ ስም ጠቅሶ፣ ለውድድሩ ማስታወቂያ ይጠቀማል። ለሌላ ነገር ከፈለገ ይጠይቅ፤ ካላንደር ከሆነ ይክፈል።

3. ፊቱ ለይቶ የሚታወቅ ሰው ከተነሳ ፈቃዱ ይጠየቅ፤ ልጅ ከሆነ ወላጁ። ከፈቀደ ስሙ ከፎቶው ሥር ይጻፍ።

4. ብርሃን ማስተካከል ይቻላል። መጨመር፣ መቀነስ፣ በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሥራት አይቻልም። አሸናፊ ዋናውን ፋይል ያሳያል።

5. ሰውን ያልሆነውን አስመስሎ ማቆም ያሰርዛል። ጫማ አስወልቆ ያነሳ ይወጣል።

6. ከዳኞቹ አንዷ የአካባቢው እናት ትሁን። ብርሃኑን ሌላው ይዳኝ፤ እሳቸው ግን «ይሄ እኛን ይመስላል ወይ?» የሚለውን ያውቁታል።

ይኸው ነው፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ትናንት ማታ መልሶ ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ አነበብኩት። ተራ ቁጥር 6 ላይ ንብረት የምትል ቃል አለች» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! አራት ዓመት አስተምሬው እንደዚያ ያኮራኝ ጊዜ የለም። «ጻፍላቸውና የተላከው በሙሉ ነው ወይስ ያሸነፈው ብቻ ብለህ ጠይቅ» አልኩት። ጠይቋል፤ እስካሁን አልመለሱም። ፎቶው ለጊዜው እሱ ስልክ ላይ ነው።

ያቺ ተማሪዬም አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እነሱ ቤት ካላንደሩ ዓመቱ ካለፈ በኋላም አልወረደም። ባለፈው ቡና ልጠጣ ስሄድ አየሁት። ከፎቶው ሥር በእስክሪብቶ የአያቷንም የራሷንም ስም ጽፋበታለች።

የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩበት። በተለይ ከናንተ መካከል ሳትጠየቁ ፎቷችሁ የወጣ ካላችሁ ንገሩን። ሰላም ሁኑልኝ።