ሁለቱ ቁጥሮች
በእንቅልፍ ላይ ጉሮሮው ስለሚደፈን ባይፓፕ፣ ማለትም አየርን በማስክ በኩል በግፊት የሚነፋ መሣሪያ፣ የታዘዘለት ሰው የማስኩ አስተሳሰር ብቻ ተነግሮት ወደ ቤቱ መሸኘት የለበትም፤ መሣሪያው ላይ የተሞሉት ሁለት ቁጥሮች ምን እንደሚሠሩ የማወቅ መብት አለው። ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 በአውስትራሊያ ያስተዋወቁት ሲፓፕ የተባለው ቀደምት መሣሪያ በአንድ ግፊት ይነፋል፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ወደ ውጭ መተንፈስ የሚከብደው ሰው ግን ከአየሩ ጋር ሲታገል ያድራል። ባይፓፕ ግፊቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ዝቅተኛው፣ አየር ሲወጣ የሚሠራው፣ ጉሮሮ እንዳይደፈን ደግፎ ይይዛል፤ ከፍተኛው አየር ሲገባ ትንፋሹን ያግዛል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መመሪያ መነሻውን 8 እና 4 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ያደርጋል፤ ልዩነታቸው ከ4 እንዳያንስ፣ ከ10 እንዳይበልጥ፣ ግፊቱ በደረጃ ሲጨመር በጭማሪና በጭማሪ መካከልም ቢያንስ 5 ደቂቃ እንዲጠበቅ ይመክራል። ጉሮሮ ተዘግቶ ትንፋሽ ጭራሹን ሲቋረጥ ሁለቱም ግፊቶች ይጨመራሉ፤ ትንፋሹ በከፊል ሲቀንስ ወይም ሰውየው ሲያንኮራፋ ከፍተኛው ብቻ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለምክንያት አይደለም። ልዩነቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርድና አንጎል የመተንፈስ ትእዛዙን ለጊዜው ሊያቆም ይችላል፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ትንፋሽ ይጠፋል። የዘመድን ወይም የጎረቤትን ቁጥር ገልብጦ መሙላት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል፣ ሆዱ በአየር ተነፍቶ የሚነቃ ወይም ማስኩ አየር እያፈሰሰ ዓይኑን የሚያደርቅበት ታካሚ «ይለመዳል» ተብሎ መመለስ የለበትም፤ መሣሪያው የመዘገበውን የየሌሊቱን መረጃ ከፍቶ ከሐኪሙ ጋር አብሮ ይየው።